ከግንቡ ጥግ የተቀመጠው ካርቶን

ሸዋ ሮቢት ላይ ከቀትር በኋላ የሚያስብ ሰው የለም። ካለም የሚያስበው ጥላ የት እንዳለ ነው። እኔ ግን ያን ሰሞን በዚያ ወበቅ ቁጭ ብዬ፣ ላቤን እየጠረግሁ፣ አንድ ጠርሙስ ቀሪቦ ሳይበላሽ ጅቡቲ የሚደርስበትን መላ እፈልግ ነበር። መላውን አገኘሁት ብዬም አምኜ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለሰው ሳወራ ሁልጊዜ መሃል ላይ ይምታታብኛል፤ እናቴም "ቆይ፣ የትኛው ጠርሙስ?" እያለች ታቋርጠኛለች። አንዴ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ማሾና ቦሎቄ ወደ ውጭ በሚልክ ቢሮ ነበር የምሠራው። ቢሮው ሲዘጋ ሻንጣዬን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ወረድኩ። ገና ልብሴን ሳላወጣ እናቴ እትዬ ይፈልጉሃል አለችኝ። እትዬ የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ቀሪቦ እየጠመቁ ነው የሚኖሩት፤ ከጀውሃ እስከ ማጀቴ ኒካህ ያለበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው እሳቸውን ነው። አሁን ደግሞ ጓሯቸው ውስጥ በርሜል ደርድረው፣ ጠርሙስ ገዝተው፣ ሴቶች ቀጥረው፣ ነገሩን ጠመቃ ቤት አድርገውታል። እኔን የፈለጉኝ ወደ ውጭ የሚሄደውን እንዳሳድግላቸው ነበር። "ወደ ውጭ" ሲሉ በእጃቸው አስፋልቱን አሳዩኝ።

ቀሪቦ ለማያውቅ ልናገር። ገብሱ ከላይ ከደብረ ሲና ይወርዳል። እትዬ ከሰል ለመሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ይቆሉታል፤ ከዚያ ይፈጫል፣ ይቀቀላል፣ ይጠለላል፣ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ያድራል። በማግስቱ ጥቁር፣ ጣፋጭ፣ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ መጠጥ ይሆናል። ስለማያሰክር ሙስሊሙ በሰርጉም በመውሊዱም ይጠጣዋል። የሚጠጣው ግን በዕለቱ ነው። ከዚያ በላይ ካደረ ይጠነክራል። የጠነከረ ቀሪቦ ከጠላ በምን ይለያል ብሎ የሚከራከር ሰው አይጠፋም፤ እትዬ ግን አይከራከሩም። አንዴ ከጠነከረ ጣታቸውን እንኳ አይነክሩበትም።

ቢሆንም አይደፉትም። በእሳቸውና በጎረቤታቸው ግቢ መካከል እስከ ደረት የሚደርስ የድንጋይ ግንብ አለ፤ አንደኛው ጥግ ላይ ፈርሶ መሻገሪያ ሆኗል። ጎረቤታቸው ክርስቲያን ናት፤ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት ያላት ሴት። ጠዋት ጠዋት ለሙስሊም ሾፌሮች ትኩስ ቀሪቦ ከእትዬ ትገዛለች። የጠነከረው ግን አይሸጥላትም፤ ይሰጣታል። በእናቷ ዘመን የተጀመረ ነገር ነው። ጀሪካኑ ከግንቡ ጥግ፣ ከሎሚው ሥር ይቀመጣል። ማንም ማንንም አይጠራም፤ እሷ አይታ ትወስደዋለች። ዕቃው ግን ባዶ አይመለስም። ደግሞም የሚመለሰው እትዬ ያለ ሐሳብ አፋቸው የሚያስገቡት ነገር ነው፤ ያልፈላ ብርዝ፣ ማንጎ፣ አንዳንዴም የወጥ ሽንኩርት። የሚያጠራጥር ነገር ከወዲያ ወደ ወዲህ ተሻግሮ አያውቅም።

አባቴ ክርስቲያን፣ እናቴ ሙስሊም ስለሆኑ እኔ ከግንቡ በሁለቱም በኩል ጠጥቼ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ልማዱን አላውቀውም ነበር ብዬ ማመካኘት አልችልም።

ጅቡቲ ውስጥ ሱቅ ያለው አንድ የማጀቴ ተወላጅ ለእህቱ ሰርግ መጥቶ የእትዬን ቀሪቦ ጠጣ። ከተመለሰ በኋላ በስልክ እረፍት ነሳቸው። እዚያ የይፋት ሰው ሞልቷል፣ ለድግሱ ሁሉ ለስላሳ ነው የሚገዛው፣ ይላኩልኝ ይላል። በበረዶ ሳጥን ትንሽ ትንሽ ሞክረው ነበር፤ መንገዱ የተመቸ ቀን ደርሶ ይጠጣል፣ መንገዱ የተዘጋ ቀን እዚያው በረሃ ላይ ይደፋል። ነጋዴው አሁን የፈለገው መደርደሪያ ላይ የሚቆም፣ በየጊዜው በመኪና የሚሄድ ቀሪቦ ነበር። እትዬም ፈለጉት። ያንን ጠመቃ ቤት የሠሩት ለልጆቻቸው አንድ ነገር ትቼ ልሂድ ብለው ነው፤ ይህን ሳይደብቁ ነግረውኛል።

እኔ ወረቀት አውቃለሁ። ፈቃዱን ጨረስኩ፣ ዕቃው የት እንደተሠራ የሚያሳየውን የመነሻ ምስክር ወረቀት አወጣሁ፣ የገብስ ዛላ ያለበት ምልክት አሳተምኩ። ትኩሱን ቀሪቦ ለምርመራ ልኬ አልኮል የለበትም የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ይዤ መጣሁ። በኩራት ለነጋዴው በስልክ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና ወረቀቱ ለጉምሩክ ነው፣ የተመረመረውም የተጠመቀ ዕለት ነው አለ። የእሱ ሰው የሚጠጣው ከመንገድ በኋላ ነው፤ ሱቁ ድረስ መጥቶ የሚጠይቀው ደግሞ ማኅተም አይደለም።

"ሰው የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው" አለኝ። "እትዬ ራሳቸው ይጠጡታል ወይ ነው የሚለኝ። መንገዱን ያህል ከቆየ ጠርሙስ ሲጠጡ ልያቸው። እሳቸው ከጠጡት እኔም እጠጣለሁ፤ እስከዚያ አንድ ክዳን አልከፍትም።"

ለእትዬ ስነግራቸው ቆሎውን እያማሰሉ ነበር። ልክ ነው አሉ። እኔ የማልጠጣውን ለሰው ልጅ እንዴት እሸጣለሁ አሉ። ከዚያ ዘወር ብለው፣ እንዳይጠነክር የሚያደርግ መላ አለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለኝ አልኩ። ሳስበው ያቺ "አለኝ" ናት ጉዱን ሁሉ ያመጣችው።

መላዬ ቀላል ነበር፤ ጠርሙሶቹን ሞልቶ፣ ክዳናቸውን አጥብቆ፣ በትልቅ ድስት ሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆየት። እርሾው ይሞታል፣ ቀሪቦው ባለበት ይቆማል። የመጀመሪያውን ስንቀምሰው እትዬ ፊታቸው ተጨማደደ። የተቀቀለ ቀሪቦ ነው አሉ፤ እውነታቸውንም ነበር፣ የታጠበ ድስት ውሃ ይመስላል። በሁለተኛው ውሃው ገና ሳይንተከተክ ጠርሙሶቹን አስወጡ። ጣዕሙ ደህና ሆነ፣ እኔም ይበቃዋል አልኩ። ይበቃው አይበቃው እንደሆነ በምን አውቄ? ግን በዚያ ሙቀት እሳት ዳር የቆመ ሰው ሁሉም ነገር ይበቃዋል።

ከአንድ ቀን ጠመቃ፣ ከአንድ በርሜል ነው የቀዳነው። የሚሄዱት ካርቶኖች በመኪና ተጫኑ። አንድ ካርቶን እዚሁ ቀረ፤ መኪናው ጅቡቲ ደርሶ፣ ጉምሩክ ጨርሶ፣ ሱቅ እስኪገባ ድረስ የሚቆይ፤ ያኔ እትዬ በካሜራ ፊት የሚጠጡት እሱ ነው። የት ላስቀምጠው ብዬ ግቢውን ዞርኩ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፣ መጋዘኑ ምድጃ ነው። የሚቀዘቅዘው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ከግንቡ ጥግ፣ ከሎሚው ሥር። እዚያ አስቀመጥኩት። ልማዱ ትዝ ብሎኛል፤ ግን ይሄ ጀሪካን አይደለም፣ ምልክት የተለጠፈበት፣ በፕላስተር የታሸገ ካርቶን ነው ብዬ አለፍኩት። ለሴቶቹም ለእትዬም ማንም እንዳይነካው ብዬ አስጠነቀቅሁ። ከግንቡ ወዲያ ላለችው የነገራት የለም።

ከዚያ ለቀሪው ወረቀት አዲስ አበባ ወጣሁ። ስመለስ ካርቶኑ አስቀምጬው በሄድኩበት ቦታ ነበር። ፕላስተሩ ትንሽ ተነስቷል፤ ሙቀቱ ነው አልኩ። በዚያው ዕለት ነጋዴው ደውሎ ዕቃው ሱቅ ገብቷል፣ ደንበኞቼን ለከነገ ወዲያ ጠርቻለሁ፣ አስቀድሜ እትዬን ልያቸው አለ።

እትዬ ሰውነታቸውን ታጥበው፣ ነጭ ሻሻቸውን አስረው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ስልኩን ያዝኩ። ጠርሙሱን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፤ ይጠጡ እንጂ እትዬ፣ አይዞዎት፣ እኔ አውቃለሁ አልኳቸው። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት። ዓይናቸውን ጨፍነው ቢስሚላህ አሉና ጠጡ። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ጠርሙሱን ተመለከቱት። እንደገና ጠጡ።

"ትናንት የጠመቅሁት ነው የሚመስለው" አሉ። "የድስቱ ሽታ እንኳ የለበትም።"

ነጋዴው ከዚያ ማዶ አልሐምዱሊላህ ሲል ሰማነው። እትዬ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ ይህን እኔ ጠጥቼዋለሁ፣ እናንተም ጠጡት አሉ። እኔ ደስታዬ ወሰን አጣ። የድስቱ ሽታ የት ሄደ ብሎ ለመጠየቅ የሚሆን ጭንቅላት ግን አልተረፈኝም። ሲቀመጥ ይጠፋል ማለት ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ፤ ለእትዬም አስረዳኋቸው፤ ለሴቶቹም። ሰው የማያውቀውን ሲያስረዳ እንዴት አንደበቱ ይፈታል!

ነጋዴው እንደገና የደወለው ሰዎቹ በተጠሩበት ቀን ነው። በደስታ እንዲጮህ እጠብቅ ነበርና አለመጮኹ ነው ያስደነገጠኝ። ሰዎቹ ተሰብስበው ሳለ መጀመሪያ እኔ ልቅመስ ብሎ ጠርሙሱን ከፈተ፤ ፍስስ አለ፤ እሱ ግን እትዬ ሲጠጡ ስላየ አልጠረጠረም፤ ተጎነጨው። ጠላ ነው አለኝ። ሌላ ከፈተ፣ እሱም ጠላ ነው። ሰዎቹን አሰናበታቸው።

"በእሳቸው ቃል ነው አፌ ያስገባሁት" አለና ስልኩን ዘጋ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አንድ በርሜል፣ አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ጠርሙስ፣ አንድ ድስት። እዚህ ያለው ማር፣ እዚያ ያለው ጠላ። የበረሃው ሙቀት ነው እንዳልል ሸዋ ሮቢትም ደጋ አይደለችም። ለሾፌሩ ደውዬ የት አቁመህ ነው ያደርከው፣ በመንገድ ለውጠኸው ነው ወይ አልኩት፤ የሰደበኝን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ነጋዴው ዋጋ ሊያስቀንስ ነው የሚል ሐሳብም መጣልኝ፤ ይህኛው ደስ ስላለኝ ያዝኩት። ደሜ ፈልቶ ለእትዬ ሰውየው ዋሽቷል አልኳቸው። አይዋሽም አሉ።

እንግዲያው የእኛን እንይ ብዬ ከካርቶኑ ሌላ ጠርሙስ አምጥቼ ፊታቸው ከፈትኩ። ፍስስ አለ። አረፋው እጄ ላይ ፈሰሰ። ሌላም ከፈትኩ፣ እሱም እንደዚያው። ቀምሼው አየሁ፤ ጠላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ትናንት የተጠመቀ መስሎ የቆየ ቀሪቦ፣ እትዬ ከጠጡት በኋላ በጥቂት ቀን ጠነከረ። መላ ቅጡ ጠፋኝ። ቁጭ ብዬ ጠርሙሱን ሳየው ጠርሙሱም የሚያየኝ መሰለኝ።

እትዬ ግን ገባኝ አሉ። የገባቸው ነገር ደግሞ ከእኔ አለመግባት የባሰ ነበር። አላህ ነው አሉ። ሰው ሊጠራጠረው የሚገባውን ነገር እኔ ለመሸጥ ብዬ፣ ለስልክ ብዬ ጠጣሁ፤ ደፍሬ ለሰው ቃል ሰጠሁ፤ አሳየኝ አሉ። አይደለም እትዬ፣ ይሄ የእርሾ ጉዳይ ነው አልኳቸው። እርሾው ታዲያ እኔ እስክጠጣ ለምን ጠበቀ ብለው ጠየቁኝ። ሳይንስ አለ ብዬ የመጣሁ ሰው፣ በገዛ ጠርሙሴ ከእሳቸው ተአምር የተሻለ ማስረጃ አጣሁ።

በማግስቱ ገብስ አልተቆላም። በርሜሎቹ ተደፉ። ሴቶቹን እስክጠራችሁ ዕረፉ አሏቸው። ስግደታቸው ረዘመ፣ ምግባቸው ቀነሰ። አንድ የጀውሃ ሰው ለልጁ ኒካህ ቀሪቦ ሊያዝ መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። እናቴ ማታ እራቴን አስቀምጣልኝ ወደ እትዬ ቤት ትሄዳለች። እኔ ልረዳ መጥቼ፣ የኖሩበትን ሙያ እጃቸው ላይ አድርቄባቸው ልሄድ ነው አልኩ። ለነጋዴው ልደውል እያልኩ ስልኩን አነሳለሁ፤ ምን እንደምለው ስለማላውቅ መልሼ አስቀምጣለሁ።

ጎረቤታቸው የመጣችው ለቀሪቦዋ ነው። ሾፌሮቹ ጠይቀዋት፣ እትዬ ደግሞ ትኩስ የላቸውም ተብላ፣ ታመው እንደሆነ ልታይ በፈረሰው ጥግ ተሻግራ ገባች። እትዬ በረንዳው ላይ መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ አጠገባቸው ካርቶኑን እንደ አስከሬን ደቅኜ ተቀምጫለሁ። ምን ሆናችሁ አለች። ነገሩን ከመጀመሪያው አንስቼ ነገርኳት፤ በርሜሉን፣ ድስቱን፣ ስልኩን፣ ጅቡቲን። እትዬ የራሳቸውን ጨመሩበት። እሷ ዓይኗ ካርቶኑ ላይ ነበር።

"የትኛው ካርቶን ነው?" አለች። "ያ ከሎሚው ሥር ያስቀመጣችሁልኝ?"

እሷም ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ቀጠለች። በጀሪካን ፋንታ በጠርሙስ ሆኖ ስታየው ደስ ብሏት ነበር፤ እትዬ ዘመናዊ ሆኑልኝ ብላ ለክርስቲያኖቹ ሾፌሮች ነግራቸዋለች። ከፍተው ጠጡት፤ ደህና አድርጎ ጠንክሮ ነበር፤ እንደዚያ ያለ አልጠጣንም ብለዋል። ዕቃው ባዶ እንዳይመለስ ብርዝ ልትሠራ ማር ፈለገች፣ ገበያው ላይ ማር አልነበረም። ማንጎ ደግሞ በጠርሙስ አፍ አይገባም። ስለዚህ እኔ ከአዲስ አበባ በገባሁበት ዕለት ጠዋት ከራሳቸው ከእትዬ ያስቀዳችውን ትኩስ ቀሪቦ በየጠርሙሱ ሞላችው፣ ክዳኑን አጠበቀች፣ ፕላስተሩን መልሳ ለጠፈች፣ ከነበረበት አስቀመጠችው።

"የራሳቸውን መልሼ መስጠቴ አሳፍሮኝ ነው ያልነገርኳችሁ" አለች።

እኔ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። አሁን እያንዳንዱ ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ሽታው የጠፋው፣ ትናንት የተጠመቀ የመሰለው፣ እትዬ ከጠጡ በኋላ በጥቂት ቀን የጠነከረው። በድስቱ ያለፈው ቀሪቦ እዚህም ጠንክሮ ነበር፤ እዚያም ጠንክሯል። መላዬ ከመጀመሪያው አልሠራም። ነገሩን የሠራችው ማር ያጣችው ጎረቤት ናት። መሳቅ አማረኝ፣ ወዲያው ደግሞ መጮህ። እሷም ነገሩ ገብቷት ፊቷ ተለዋወጠ። ቃልዎን አበላሸሁብዎ እትዬ አለችና ሻሿን ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

እትዬ መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። ካርቶኑን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ እጇን ያዟት።

"አንቺ ባትሞይው ኖሮ" አሉ፣ "ይሄ ልጅ ሐራም ሊያጠጣኝ ነበር። አይዞዎት እያለ።"

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ግን ልቤን ወጋኝ። እውነት ነበርና። በዚያ ቀን ጠርሙሱ ውስጥ እኔ ያስቀመጥኩት ቢኖር ኖሮ፣ እኒያ ጣታቸውን የማይነክሩበት ሴት በሰባ ዓመታቸው አካባቢ በእኔ ጉትጎታ ይጎነጩት ነበር፤ እኔም ስልኩን ይዤ አሳይ ነበር። ሽያጩን ያበላሸችው ሴት እትዬን አትርፋልኛለች። ላመስግናት ወይስ ልቆጣት ግራ ገብቶኝ ውሃ አመጣሁላት።

እትዬ ደውልልኝ አሉ። ነጋዴው ለኔ ቢሆን አያነሳም ነበር፤ ድምፃቸውን ሲሰማ ግን አዳመጠ። ምንም አልደበቁትም። እኔ የጠጣሁት ትኩሱን ነው፣ አንተ ዘንድ ያለውን አልጠጣሁም፣ ቃሌን መልስልኝ አሉት። ሳታውቅ ለተጎነጨኸው አላህ ይቅር ይበልህ፣ እኔንም ይቅር በለኝ አሉት። ይቅር ብያለሁ እትዬ አለ። ከዚያ ካርቶኖቹን ምን ላድርጋቸው፣ ልድፋቸው ወይ ብሎ ጠየቀ።

"ክርስቲያን ጎረቤት የለህም?" አሉት።

ነጋዴው፣ ከሱቁ ጀርባ ከጎንደር የመጣ አንድ በያጅ አለ አለ፤ ስንት ዘመን ግድግዳ ተጋርተዋል፣ ግን ስሙን እንኳ አያውቀውም። እንግዲያው በሩ ላይ አስቀምጥለት አሉት እትዬ፣ የሌላ አገር ነገር የሚያስረዱ ሳይሆን ከጎረቤት እሳት ጫር የሚሉት በሚመስል ድምፅ።

ቀሪቦ በጠርሙስ መላክ በዚሁ ቀረ። ነጋዴው ኋላ ላይ ሌላ ሐሳብ አመጣ፤ የተቆላውን ገብስ ፈጭተው ቢልኩልኝ ባለቤቴ እዚህ ትጠምቀዋለች፣ ሰውም ዕለቱን ይጠጣዋል አለ። እትዬ ይሄ ይሆናል አሉ። ገብሱን እኔ ቆልቼዋለሁ ብዬ መማል እችላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የጠማቂዋ ቃል ነው አሉ። ምድጃው ተለኮሰ፣ ሴቶቹ ተጠሩ፣ የጀውሃው ሰውዬም ተፈልጎ ተነገረው። እኔ ግን ያን ሁሉ ጠርሙስ፣ ያን ሁሉ የታተመ ምልክት ታቅፌ ቀረሁ። የምልከው መጠጥ ነው ወይስ እህል፣ ፈቃዱ የትኛው ነው፣ ቢሮ ለቢሮ ስዞር ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት መልስ ሰጡኝ። የኋላ ኋላ ጆንያው ሄደ። ሌላም ተጠየቀ።

የመጀመሪያውን ጆንያ አድርሶ የተመለሰው ያ የሰደበኝ ሾፌር ነው። ከመኪናው ካርቶኖች አወረደ። የእኛው ካርቶኖች ናቸው፣ የገብስ ዛላ ያለባቸው። ባዶ ጠርሙስ ለምን ተሸክመህ መጣህ ልለው ስል ክብደታቸው እጄን ሳበኝ። ከፈትኩት። እያንዳንዱ ጠርሙስ እስከ አፉ ድረስ ነጭ ጨው ተሞልቷል፣ ክዳኑ ጠብቋል። በያጁ ጠርሙሶቹን አጥቦ፣ ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ነው ብሎ፣ ሞልቶ ለነጋዴው ሰጥቶታል። ነጋዴውም ሰውየው ስሙ ማን እንደሆነ በመልእክት ነግሮናል፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ካርቶኖቹን በረንዳው ላይ ደርድሬ ራሴን አከክሁ። ገብስ ልከን ጨው መጣ፤ አልገዛነው፣ አላዘዝነው፣ ደረሰኝ የለው። ከውጭ ገባ ነው የሚባለው ወይስ ምን? ወረቀቱ ላይ ምን ብዬ ልጻፈው ብዬ እትዬን ጠየቅኋቸው። አንዱን ጠርሙስ ከፍተው ጨዉን መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ቀመሱት።

"ዕቃ መለሱ ብለህ ጻፍ" አሉኝ።

ከዚያ የቀሩትን ጠርሙሶች ለሁለት ከፈሉና ግማሹን አቅፈው ከግንቡ ጥግ፣ ከሎሚው ሥር ወስደው አስቀመጡት።